የቀኛዝማች ይመር ልጅ በፓርክዴል መድረክ

በ፲፱፻፺፯ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ጥቅምት፣ የቶሮንቶ ዛፎች ቅጠላቸውን ለነፋስ ባስረከቡበት ሰሞን፤ በፓርክዴል ሰፈር ከአንድ አሮጌ አዳራሽ ደጃፍ የወይዘሮ የኔነሽ ይመር ፎቶግራፍ በትልቁ ተሰቅሎ ነበር። የአገር ልጆች ያቋቋሙት የቴአትር ቡድን፣ ከመድረክ ተነሥታ ድምፅ በሌለው ፊልም ስለ ገነነች ስለ አንዲት የጥንት አሜሪካዊት ተዋናይት፣ ስለ ሄለን ማርሎው፣ የተደረሰ ቴአትር ሊያሳይ ነው፤ ሄለንን የምትጫወተውም የኔነሽ ናት። በስደት መድረክ የገረድና የጎረቤት ሚና ሲጣልላት ኖራለች፤ ዛሬ ተራው የእርሷ ነው፤ እንደምትወጣውም አልተጠራጠረችም።

አባቷ ቀኛዝማች ይመር፣ ቴአትር ቤት የገባች ዕለት «አዝማሪ አልወለድኩም» ብለው ክደዋት ነበር። ባለፈው ወር ግን ከደሴ በስልክ፣ «በቪዲዮ አስቀርጪና ላኪልኝ፤ ሳልሞት ልይሽ» አሏት። ከዚያ ወዲህ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። ሰሞኑን ግን በደወለች ቁጥር «ተኝተዋል» ነው መልሱ።

መጋረጃው ሊገለጥ ሲል አዘጋጁ አቶ ሳህሉ ምግብ ይዘው ወደ መልበሻው ክፍል ገቡ። ከትርኢት በፊት የበላ ተዋናይ ሲያዩ የሚያብዱ ሰው ነበሩ።

«በይ እንጂ የኔነሽ፣ ትንሽ ቅመሺ» አሉ፤ ዐይናቸውን ከመሬት አልነቀሉም።

እሌኒ ተከተለች፤ ሄለንን ተነጠቅሁ ብላ ስታኮርፍ የከረመች ተዋናይት ናት። «ብዪ እናቴ! ልምምድ ላይም ምንም አልበላሽ። እስኪ አንድ ጉርሻ፣ በሞቴ!»

የኔነሽ ሁለቱንም አየቻቸው። በአገሯ ወግ መርዶ ነጋሪ አስቀድሞ ያበላል፤ ባዶ ሆድ ኀዘን አይችልምና። ምስኪኖቹ መርዶውን እስከ ነገ ሊደብቁ ተማክረው፣ አንጀታቸው አልችል ቢል ማብላቱን ዛሬ ጀመሩት! አቶ ሳህሉ እንዲህ ያለ ትወና በሌላ ሰው ቢያዩ ከመድረክ ያባርሩት ነበር።

አባቷ ሞተዋል። «ምን ሆኑ?» ብትል አዳራሹ ለቅሶ ቤት ይሆናል፤ ቴአትሩም ይቀራል። አፏን ከፈተች፤ ጎረሰች፤ ዋጠች።

«ጋሽ ሳህሉ፣ ካሜራው ተዘጋጅቷል?»

«አ... አዎ።»

«አደራ እንግዲህ። አባባ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው ማየት የሚፈልጉት።»

እሌኒ ፊቷን አዙራ ወጣች።

ሄለን ከካሜራ ፊት ቆማ ያለ ድምፅ የምታለቅስበት ክፍል ደረሰ። የኔነሽ ደረቷን ያዘች፤ አፏ እንደ አልቃሽ ተከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። መርዶውን ቀድሞ የሰማው ተመልካች፣ እርሷ አታውቅም ብሎ በነጠላው ጫፍ ዐይኑን ይጠርግ ጀመር፤ ከፊት የተቀመጡ ሴቶችም ይንሰቀሰቁ ነበር። እርሷ አንዲት ቃል ሳትስት ጨረሰች፤ ቀጥ ብላ እጅ ነሣች።

በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎች ስካርቦሮ ቤቷ ድረስ ሄደው በሯን ሲያንኳኩ፣ ጥቁር ለብሳ ከፈተችላቸው።

«ግቡ አባቶቼ» አለች፤ «እኔ ትናንት አልቅሻለሁ፤ ዛሬ እናንተ አልቅሱልኝ።»

በወሩ የወጣው የማኅበሩ ጋዜጣ፣ «ሕዝቡ በሄለን ማርሎው መከራ አለቀሰ» ሲል ጻፈ፤ የየኔነሽንም ችሎታ አሞገሰ። የቀኛዝማች ይመር ስም አንድም ቦታ አልተነሣም። ያ ሁሉ እንባ ለማን እንደ ፈሰሰ የሚያውቁት በአዳራሹ የነበሩት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ዓመት በመጣ ቁጥር እየተመናመኑ ሄደዋል።