«ሜሞሪ ይጨመርበታል?»

ባለሱቁ በሥራ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሞቷል። ከፊቱ ሆዱ የተከፈተ ስስ ላፕቶፕ፣ በቀኝ እጁ አንዲት የሜሞሪ ቺፕ፣ በግራ መዳፉ ሥር ደግሞ ሽፋኑ የተላጠ ገመድ አለ። ያየው ሁሉ «ሜሞሪ ሲጨምር ኮረንቲ ይዞት ነው» አለ። ሐኪሙ ብቻ አላለም።

«ጣቶቹ ላይ ቃጠሎ የለም» አለ፣ የሟቹን ፀጉር ከማጅራቱ ገለጥ አድርጎ። «የገደለው ይሄ ነው። በከባድ ነገር ተመትቷል። ገመዱን ያስያዙት ከሞተ በኋላ ነው።»

መርማሪዋ ስትደርስ የሱቁ ጠጋኝ በካቴና ታስሮ ነበር። ገመዱ የእሱ የብየዳ ብረት ገመድ ነው፤ የሱቁ ቁልፍም ከሟቹ ሚስትና ከታናሽ ወንድሙ ሌላ ያለው እሱ ጋር ነው። መርማሪዋ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። የተከፈተውን ላፕቶፕ ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው፤ ከዚያ ወደ ጠጋኙ ዞረች።

«እናቴ አልጋ ላይ ናት» አላት ሳትጠይቀው። «የሚያገላብጣት ከእኔ በቀር ሰው የለም። እኔ ከታሰርኩ ለእሷም አለቀላት።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለልጄ እንደዚህ ያለ ላፕቶፕ ልገዛላት ነው። ኋላ ሜሞሪ ይጨመርበታል?»

«አሁን ይሄ ይጠየቃል?»

«እኔ ጠይቄያለሁ።»

«አይጨመርበትም። ቦርዱ ላይ ተበይዷል። ሲገዙ የሚበቃዎትን ይግዙ።»

ሚስትየው በፊተኛው ክፍል፣ በደንበኞች ወንበር ላይ ደርቃ ተቀምጣለች። ዕቃ የምታስመጣው እሷ ናት። ያው ጥያቄ ሲቀርብላት ቀና እንኳ አላለችም።

«አንዳንዱ መሰኪያ አለው፤ እሱም ልክ አለው፣ ከልኩ ካለፈ አይቀበልም። ይሄኛው ግን ጭራሽ መሰኪያም የለውም። ባሌ "እንደ ዕድሜ ነው፣ የተሰጠህን ይዘህ ትሞታለህ" ይል ነበር።» አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ትናንት ከሰው ተጣልቶ ነበር?»

«አንዲት አስተርጓሚ እያለቀሰች መጣች። "ሜሞሪው እስከ ሠላሳ ሁለት ጊጋ ይጨመርበታል ተብዬ ላፕቶፕ ገዝቼ ከስምንት በላይ አልቀበልም አለ" አለች። ከዚያ ወዲህ ፊቱ እንደጠቆረ ዋለ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

ሻጩ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ከመስታወቱ መደርደሪያ ጎን ቆሞ ዓይኑን ይጠርጋል። መርማሪዋ ያንኑ የልጇን ላፕቶፕ ጥያቄ ስትጠይቀው ግን ድምፁ ተፈታ።

«ለልጅዎ ነው እትዬ? ይቺን ይውሰዱላት፣ ላባ ናት! ለሜሞሪው አያስቡ፤ ሲመችዎ ብቅ ይበሉ፣ እያወሩ እጥፍ እናደርግልዎታለን።»

«የወንድምዎ ሬሳ ሳይነሳ?»

«አፌ ለምዶብኝ ነው... ይቅርታ።»

«ቺፖቹ ያሉበት የዚህ መደርደሪያ ቁልፍ ማን ጋር ነው?»

«እኔ ጋር ብቻ። ዕቃ ይጠፋል፣ ለማንም አልሰጥም።»

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሦስቱንም በሥራ ጠረጴዛው ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ገዳዩ አደጋ ሊያስመስል ፈልጎ ነበር። የተሳሳተው ታሪኩን ሲያሳምር ነው። ሟቹ ላፕቶፕ ሲፈታ የኖረ ሰው ነው፤ መሰኪያ በሌለው ላይ ቺፕ ይዞ አይቀመጥም። ስለዚህ ቺፑን ያስያዘው ሌላ ሰው ነው። ይሄ ላፕቶፕ እንደማይጨመርበት የማያውቅ ሰው። ሦስታችሁንም አንድ ጥያቄ ጠየቅኋችሁ፤ ሁለታችሁ አይሆንም አላችሁ።»

ታናሽየው ሳቅ ሞከረው። «ሻጭ ነኝ እኮ! ለመሸጥ ያልኩትን ይይዙብኛል? ገበያ ላይ ያልዋሸ ማን አለ?»

«ልክ ነዎት፤ ያ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቺፑ ግን አዲስ ነው። የወጣው ከእርስዎ መደርደሪያ ነው፣ ቁልፉም አልተሰበረም።»

«ወንድሜ ጠይቆኝ ሰጠሁት!»

«ምን ሊያደርግበት?»

«እዚህ ላይ ሊጨምርበት ነዋ!»

ጠጋኙ ላፕቶፑን በታሰሩ እጆቹ ገፋ አደረገለት። «መሰኪያውን አሳየን እስቲ።»

ታናሽየው ጎንበስ አለ። ጣቱ በቦርዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሄደ፣ ተመለሰ።

«ለአስተርጓሚዋ የሸጥክላት አንተ ነህ» አለች ሚስትየው ቀስ ብላ።

«የዋሸሁ አልመሰለኝም!» ድምፁ ተሰበረ። «ሁሉም ይጨመርበታል ብዬ... አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁ! እሱ ግን በሩ ላይ ማስታወቂያ ልለጥፍ ነው አለኝ። "ወንድሜ አታሏችኋል፣ የገዛችሁትን መልሱ" ብሎ። ከሱቁም ውጣ አለኝ። ለማያውቀው ሰው ብሎ የእናቱን ልጅ! ጀርባውን ሲሰጠኝ... የሞተ አልመሰለኝም ነበር።»

«ገመዱን ስትልጥስ?» አለች ሚስትየው።

መርማሪዋ ጠጋኙን ፈታችው። «ሂድ፣ እናትህ ጋ ድረስ።» እየሮጠ ሲወጣ በሩ ላይ ከአንዲት አሮጊት ጋር ተጋጨ። የሁለቱ ወንድማማቾች እናት ናቸው፤ መርዶው ደርሷቸው መምጣታቸው ነው። ማንንም አላዩም። ታናሹን አንገቱን አንቀው ተንጠለጠሉበት።

«እንኳን አንተ ተረፍክልኝ ልጄ! አንተ ባትኖርልኝ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ልጁ እጆቹን አላነሳም። ሚስትየው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እማማ» አለች መርማሪዋ፣ ወንበር እየሳበችላቸው። «መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ።»