የግራ እግር ፋሻ

ፋሻው ውስጥ ወረቀት አለ።

ኔቪዮ ጣቱ ሲነካው ነው ያወቀው። ፊቱን አላነሳም። በላዩ ሌላ ፋሻ መጠምጠሙን ቀጠለ።

«ከሥር ያለውን እንዳትፈታው» አለ ኤልቪዮ ዝቅ ባለ ድምፅ። የወደቡ እግር ኳስ ቡድን አምበል ነው፤ የጣሊያኗ ከተማ ሊቮርኖ በሙሉ በስሙ ይምላል።

«ምንድን ነው?»

«ነገ ከፋሺስቶቹ ሸሽተው በጀልባ ወደ ኮርሲካ ደሴት የሚሻገሩ ሰዎች ስም። ከጨዋታው በኋላ ባለጀልባው ይወስደዋል። ይልቅ ጠበቅ አድርገው እንጂ፣ አንተ ሽማግሌ! ሕፃን ነው እንዴ የምትጠቀልለው?»

ኔቪዮ ሳቀ። ሳቁ ለራሱም አስጠላው።

ለቡድኑ ወጌሻ ነው። ለምስጢር ፖሊስ ደግሞ «ካምፎር»፤ ልብሱ ሁሉ የማሻሻውን የካምፎር ቅባት ስለሚሸት የወጣለት ስም ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የተከለከለ ጋዜጣ ኪሱ ውስጥ ተገኘ። ኮሚሳር ስካርባ «ወደ እስር ደሴት መጋዝ ወይስ ለእኛ መሥራት?» ብሎ ጠየቀው። አንድ ጥፊ እንኳ ሳይቀምስ እሺ አለ። ይህን ለሚስቱ ለኦርኔላ ነግሯት አያውቅም።

ኤልቪዮ ግን ወታደሩ ወንድሙ ከአቢሲኒያ ተመልሶ እዚያ ያደረገውን ከነገረው ወዲህ ለፋሺስቶቹ ሰላምታ ቀኝ እጁን አንስቶ አያውቅም። ቡድኑ ከጨዋታ በፊት ባለሥልጣናት ለተቀመጡበት የክብር ትሪቡን እጁን ሲዘረጋ እሱ ፋሻው የላላ መስሎ ይንበረከካል። ወጌሻው ሮጦ ይመጣና ፊቱ ይንበረከክለታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። አመኔታ እንዲያገኝ ወጌሻው አብሮት መንበርከኩ የስካርባ ሐሳብ መሆኑን ኤልቪዮ አያውቅም።

የዛሬው ትእዛዝ አጭር ነበር። «ወረቀቱ ካለ እጅህን አንሣ። ልጁን አንነካውም፤ ኳሱን ይጫወት።»

ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። ስካርባ ትሪቡኑ ላይ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አሥሩ ተጫዋቾች እጃቸውን ዘረጉ። ኤልቪዮ ተንበረከከ። ኔቪዮ ቦርሳውን ይዞ ሮጠ።

አሁንም መንበርከክ ይችላል። ምንም አላገኘሁም ማለት ይችላል።

ቆመ።

ቀኝ እጁን ዘረጋ።

ኤልቪዮ ቀና ብሎ አየው። መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ እጁ አልወርድ ሲል አየ፤ የኔቪዮን ዓይን ተከትሎም ትሪቡኑን ተመለከተ።

«አውርደው በቃ» አለው ቀስ ብሎ። «አይተውሃል።»

ዳኛው ፊሽካ ሳይነፋ ሁለት ሰዎች መጥተው አምበሉን ከመሀል ሜዳ ወሰዱት። ሕዝቡ ያፏጭ ጀመር። ኔቪዮ ፉጨቱ ለእሱ መሰለው፤ ቢሆንለት ይሻለው ነበር።

መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ስካርባ ፋሻውን እየተረተረ ነበር።

«ልጁን አንነካውም ብለውኝ ነበር!» አለ ኔቪዮ።

«አንተስ ወዳጅህ ነኝ ብለኸው አልነበር?»

ኔቪዮ መሬት የወደቀውን ፋሻ ለማንሳት ጎንበስ አለ።

«ሰባት ስም» አለ ስካርባ። ሳቀና ወረቀቱን ዘረጋለት። «የመጨረሻውን አንብበው።»

*ኔቪዮ ታርኪ፣ ወጌሻችን፣ ከነሚስቱ። እሺ እንዲል እኔ አሳምነዋለሁ። ለእኔ ሲንበረከክ ጉልበቱ ተጎድቷል፤ ደግፋችሁ አሳፍሩት።*

ባለጀልባው በዚያው ቀን ተያዘ፤ ስድስቱም ሰዎች በማግስቱ። ኤልቪዮ ደሴት ተጋዘ፤ ኳስ ዳግመኛ አልነካም። ኦርኔላ ነገሩን ስትሰማ አልጮኸችም። የካምፎር ቅባት የሚሸተውን ልብሱን ሁሉ አጥባ፣ አጣጥፋ አልጋው ላይ አስቀመጠችና ወደ እህቷ ሄደች።

በመኸር አንድ የሰሜን ከተማ ቡድን አዲስ ወጌሻ ቀጠረ። ስሙን ቀይሯል። ከየት እንደመጣ የጠየቀው የለም። እሑድ እሑድ ቡድኑ እጁን ሲዘረጋ እሱም ከሜዳው ጠርዝ ላይ ይዘረጋል፤ ዞሮ የሚያየው የለም።

አንድ ቀን ተጫዋቾቹ እያነከሰ ደረጃ ሲወጣ አዩት።

«አባት፣ ጉልበትህን ያምሃል እንዴ? ና ልደግፍህ» አለው አንዱ፣ እጁን እየዘረጋ።

«አያመኝም» አለ።