ዜናው በእኔ በር ይምጣ

የትንሿ ከተማ የካልደር ነዋሪዎች ስለ ጦርነቱ ከመነጋገራቸው በፊት ስለ በረዶ መጥረጊያ መኪና አንድ ሰዓት ተኩል ተከራከሩ። አዲስ ይገዛ ወይስ አሮጌው ይጠገን? አሮጌውን የነዱት፣ የገፉት፣ ከኋላው የተሰለፉት ሁሉ ተራ በተራ እየተነሡ ብሶታቸውን አሰሙ። ደልፊን ላቫሌ ከፊት ረድፍ ተቀምጣ ጥርሷን ነክሳ ታዳምጣለች። አሜሪካ ሌላ አገር ልትወር ጦሯን አሰልፋ ቆማለች፤ እዚህ ደግሞ ስለ ማርሽ ይወራል።

በአሜሪካዋ የቬርሞንት ግዛት ወጉ እንዲህ ነው። በየዓመቱ የበረዶው ወራት ሊያበቃ ሲል አንድ ማክሰኞ የከተማው ሰው በአዳራሹ ይሰበሰብና መንገዱንም ትምህርት ቤቱንም በድምፁ ይወስናል። በቂ ሰው ከፈረመበት የዓለም ጉዳይም ሊቀርብ ይችላል። ደልፊን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ በካልደር የማታውቀው በር የለም። በዚያ ብርድ ከቤት ቤት ዞራ ፊርማ አሰባሰበች። ጥያቄዋ አጭር ነበር፤ ካልደር ኢራቅን መውረር እንደማትደግፍ ለፕሬዚዳንቱ ታሳውቅ።

የስብሰባው መሪ አቶ ኦሪን ቤይሊስ ግን ጥያቄዋን ከአጀንዳው መጨረሻ ላይ አስቀመጡት። «መጀመሪያ መንገዳችን፣ ከዚያ ባግዳድ» አሏት። ጡረታ የወጡ የከብት ሐኪም ናቸው፤ ላም ስትረግጣቸውም የማይቸኩሉ ሰው ናቸው።

ደልፊንን ያንገበገባት ግን አጀንዳው ብቻ አልነበረም። ከኋላ ረድፍ፣ ከአባቱ ጎን፣ ሪድ ዊትኮም ተቀምጧል። በሰኔ ሊጋቡ ቀን ቆርጠዋል። ሪድ ከአባቱ ጋር ከሜፕል ዛፍ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ እያፈላ ጣፋጭ ሽሮፕ ያመርታል፤ በወር አንዴ ደግሞ የተጠባባቂ ጦር ልብሱን ለብሶ ለልምምድ ይሄዳል። ፊርማ ማሰባሰብ ከጀመረች ወዲህ ቀዝቅዞባታል። ከእሁድ ወዲህማ ጭራሽ ስልክም አያነሳም።

የተገናኙት ከሁለት ዓመት በፊት፣ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ጭቃ በሆነበት ሰሞን ነው። አውቶቡሷ እስከ ጎማው ወገብ ሰምጦ ቆመ፤ ልጆቹ በመስኮት እየጮኹ ይስቃሉ። ሪድ በትራክተር መጣና ሞተሩን አጥፍቶ የሰመጠውን አውቶቡስ ከላይ እስከ ታች አየ።

«ይበቅላል ብለሽ ነው የተከልሽው?»

«ልትጎትተው ነው የመጣኸው ወይስ ልታላግጥ?»

«ሁለቱንም እችላለሁ» አለ። ቻለም። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ባለፈች ቁጥር ሳታስበው ፍጥነቷን ትቀንስ ነበር።

ለምሳ ሲበተኑ ደልፊን ሰሃን እንኳ ሳታነሳ ወደ እሱ ሄደች። ሪድ ከምግብ ጠረጴዛው ጫፍ ቆሞ ባቄላውን በማንኪያ ይገፋል።

«ደወልኩልህ።»

«ሽሮፕ እያፈላን ነበር።»

«ትናንት ሙሉ ቀን በረዶ ነበር፤ ዛፍ በእንዲህ ያለ ብርድ ጠብታም አይሰጥም። እኔም እዚሁ ነው ያደግኩት፣ ሪድ። ስትዋሸኝ ቢያንስ ለትልቅ ከተማ ሰው የሚዋሸውን አትዋሸኝ።»

ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

«ዛሬን ተይኝ፣ እባክሽ።»

«በፊርማው ነው አይደል የተቀየምከኝ? ንገረኛ፣ አፍህን ክፈትና ተጣላኝ!»

አባቱ አቶ ሃርላን ከመሃላቸው ገቡ። «ወር ሙሉ ሰው ደጅ ስትንከራተቺ ከርመሽ ዛሬ ልጄ ትዝ አለሽ?» አሉ። ደልፊን መልስ ነበራት፤ ግን ደወሉ ተመታ። ምሳዋን ሳትበላ፣ ክርክሯንም ሳትጨርስ ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላው ደግሞ በድልድይና በውሻ ክርክር አለፈ። የደልፊን ጉዳይ ሲደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ዘወር ብላ ስታይ ወንበሩ ግማሹ ባዶ ነው። የላም ማለቢያ ሰዓት ደርሷል! ፊርማቸውን የሰጧት ገበሬዎች ኮታቸውን እየደረቡ ወጥተዋል። ላም የኢራቅን ጉዳይ አትጠብቅም። ይህን ሳታስብ መቅረቷ፣ እሷ የገበሬ ልጅ፣ ራሷን በጥፊ ሊያስመታት ደረሰ።

አቶ ኦሪን በእንጨት መዶሻቸው ጠረጴዛውን መቱ። በዚህ ቀን ሁሉንም ሰው አንቱ ነው የሚሉት። «ደንቡን ላስታውስ። ማንም ለማንም አይናገርም፤ ሁሉም የሚናገረው ለእኔ ነው። ወይዘሪት ላቫሌ፣ ይቀጥሉ።»

ደልፊን ተናገረች። ያላየነውን ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ፍለጋ ልጆቻችንን ወደ ሰው አገር አንላክ አለች። ከግራ አጨበጨቡላት። ከቀኝ አንዱ «ክቡር ሰብሳቢ፣ ሽንፈትን የምትወድ ሴት አውቶቡስ እንዴት እንሰጣታለን?» አለ። አንዲት አሮጊት ተነሥተው «ክቡር ሰብሳቢ፣ ያ ሰውዬ የራሱን ትራክተር ከጉድጓድ ማውጣት ያቃተው ነው ይበሉልኝ» አሉ። ተሳቀ፤ መዶሻው ተመታ፤ አንዱ መንትያ ሕንፃዎቹን ያፈረሰውን የመስከረሙን ጥቃት አነሣ፣ ሌላው ነዳጁን። ማንም የማንንም ሐሳብ አላስለወጠም። ሁሉም ከቤቱ ይዞት የመጣውን ይዞ ተቀመጠ።

ከዚያ ሪድ እጁን አወጣ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ እሁድ ተደውሎልኛል» አለ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ከካልደር ሦስታችን ሐሙስ እንሄዳለን። ጦርነቱ ልክ ነው አልል፤ አላውቅም። ግን ሐሙስ ስሳፈር ከተማዬ ‹የምትሄድበት ነገር ስህተት ነው› ብላ እንድትሸኘኝ አልፈልግም። የቀረበውን ጥያቄ ተቃውሜ ድምፄን እሰጣለሁ።»

ደልፊን ከወንበሯ ተነሥታለች፤ መቼ እንደተነሣች አታውቅም።

«ሐሙስ? የዚህ ሳምንት ሐሙስ?»

መዶሻው ተመታ። «ወይዘሪት ላቫሌ፣ ለእኔ ይናገሩ።»

«ክቡር ሰብሳቢ!» አለች፤ ዓይኗ ግን ከሪድ አልተነቀለም። «ያንን ሰውዬ ይጠይቁልኝ። እሁድ የሰማውን ማክሰኞ፣ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ጋር እኩል የምሰማው እኔ ማን ነኝ?»

አቶ ኦሪን መነጽራቸውን አወለቁ። ይህ ከአጀንዳው ውጭ መሆኑን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አዳራሹን አዩ፣ ልጅቱን አዩ። «አቶ ዊትኮም፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጥያቄው ለእርስዎ ነው።»

ሪድ ኮፍያውን በእጁ አዞረ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ጥሪው እንደማይቀር ከወር በፊት ጀምሮ ይሰማኝ ነበር፤ ሰርጉን ላቆየው አስቤ ነበር። እስክመለስ እንድትተወኝ… እንድትቀየመኝ ፈልጌ ነበር።»

«ለምን ይበሉልኝ!»

«ሚስቴ ከሆነች፣ አንድ ነገር ብሆን ሁለት መኮንኖች መጥተው የእሷን በር ያንኳኳሉ። እጮኛዬ ብቻ ከሆነች ግን አባቴ ዘንድ ነው የሚሄዱት። አባዬ ወንድሙ ቬትናም የቀረ ጊዜ ያቺን ኳኳታ ሰምቷታል፤ ያውቃታል። እሷ እንድትሰማት አልፈለግሁም።»

አቶ ሃርላን ወለሉን ማየት ጀመሩ።

የደልፊን እንባ ከንዴቷ ጋር ተደባልቆ መጣ። ወር ሙሉ ስለ ፖለቲካ የተኮራረፉ መስሏት በየሌሊቱ ክርክር ስታዘጋጅ ነው የኖረችው። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ይንገሩልኝ። ቢሞት ሳልሰማ የምቀር መስሎታል? ያባቱ በር ተንኳኩቶ፣ ወሬው በሱቁ ዞሮ፣ በፖስታ ቤቱ አልፎ፣ ከሰው ሁሉ መጨረሻ ሊደርሰኝ ነው? እንዲህ አድርጎ ነው የሚያድነኝ? ዜናው በእኔ በር ይምጣ! ክፉ ከሆነም በእኔ በር ይምጣ!»

ከኋላ በኩል አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ… ድምፅ ይሰጥ» አለ። የካልደር ሰው እንዲህ ነው፤ ልብ ፊቱ ላይ ሲሰነጠቅ እያየም ሥነ ሥርዓቱ አይጓደል ይላል።

በእጅ ቆጠራ መለየት ስላልተቻለ ሁሉም ተነሥቶ ወደ ጎን እንዲቆም ተደረገ፤ ጥያቄዋን የሚደግፍ በመስኮቱ በኩል፣ የሚቃወም በግድግዳው በኩል። ደልፊን ወደ መስኮቱ ሄደች። ሪድ ወደ ግድግዳው ሄደ። በመሃላቸው የተደረደሩት ባዶ ወንበሮች ቀሩ። ቆጠራው እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱም ሌላ ቦታ ለማየት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

ጥያቄዋ በጥቂት ድምፅ ወደቀ። ላሞቹ ባይኖሩ ኖሮ ታሸንፍ ነበር።

አቶ ኦሪን ደከም ባለ ድምፅ «ሌላ ጉዳይ ያለው?» ብለው ጠየቁ። ይህን ሁልጊዜ ይጠይቃሉ፤ ሁልጊዜም የሚመልስላቸው የለም።

«አለኝ» አለች ደልፊን። ከመስኮቱ ሥር አልተነቃነቀችም። «ክቡር ሰብሳቢ፣ የከተማው ጸሐፊ ወይዘሮ ሎቲ እዚህ አሉ፤ የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ማጋባት ሕግ የፈቀደልዎ እርስዎም እዚህ ነዎት። ያ ሰውዬም ግድግዳው ጋ ቆሟል። ምን እንጠብቃለን?»

«ወይዘሪት ላቫሌ፣ በአጀንዳው ያልተጻፈ ነው። ከተማው ድምፅ ሊሰጥበት አይችልም።»

«ከተማው ለዛሬ የሰጠኝ ይበቃኛል። የሱን ድምፅ ብቻ ነው የምፈልገው።»

ሪድ በወንበሮቹ ዙሪያ አልዞረም፤ እየገፋቸው መጣ። አንዱ ወንበር ወደቀ፤ ያነሣው የለም። መጥቶ ፊቷ ቆመ።

«አሁንም የተሳሳትሽ ይመስለኛል» አላት በሹክሹክታ።

«አንተም ተሳስተሃል። ዝም ብለህ ና።»

በአዳራሹ ወጥ ቤት፣ በባዶ የባቄላ ድስቶች መካከል ተጋቡ። ወይዘሮ ሎቲ ያለቅሳሉ፣ ማኅተም ፍለጋም ቦርሳቸውን ይበረብራሉ። ምስክር የሆኑት አቶ ሃርላን ነበሩ። ሲጨርሱ ወደ ደልፊን ጠጋ ብለው «ያቺ ኳኳታ ከባድ ናት፣ ልጄ» አሏት። ልጄ ብለው ሲጠሯት ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነው።

ሐሙስ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ቴሌቪዥኑ የባግዳድን ሰማይ በእሳት አሳየ።

ደልፊን ከድልድዩ ማዶ ትንሽ ቤት ተከራየች። አንድ ቅዳሜ ወይዘሮ ሎቲ ሾርባ ይዘውላት ሄዱና በሩን አንኳኩ። የሚከፍት ጠፋ። ገፍተው ሲገቡ ደልፊን ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ወረቀት መስሏል፤ ተነሥታ በሩ ጋ መድረስ አቅቷት ነበር። «እኔ ነኝ፣ የኔ ልጅ፣ ሾርባ ነው» ቢሏትም እስክትሰማቸው ጊዜ ወሰደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሯን ቆልፋ፣ መሸጎሪያ ጨምራ ትቀመጥ ጀመር።

ወሬው በከተማው ተዳረሰ። ማንም ስብሰባ አልጠራበትም፣ ድምፅም አልሰጠበትም፤ ግን ከዚያ ወዲያ በካልደር የደልፊንን በር የሚያንኳኳ ሰው ጠፋ። የደገፏትም የተቃወሟትም ከድልድዩ ጀምረው ይጣሩ ነበር። «ደልፊን! እኔ ነኝ! እንቁላል ነው!» ፖስተኛው ያፏጫል። ሽንፈት ትወዳለች ያላት ሰውዬ ሳይቀር ማገዶ ሊያራግፍላት ሲመጣ መንገድ ላይ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሳል አለ። አቶ ሃርላን የመኪናቸውን ጥሩምባ ይነፋሉ፣ ከገቡ በኋላ ደግሞ ስለ ጦርነቱ ይጨቃጨቃሉ። እሷም አትለቃቸውም።

ጦርነቱ አለቀ ተባለ። ሪድ አልመጣም። ለመስከረም ይመለሳል ተባለ፤ ተራዘመ። ለገና ተባለ፤ እንደገና ተራዘመ። መሣሪያው አልተገኘም። ደልፊን «አላልኩም?» የምትለው ሰው አጥታ በብስጭት አለቀች፤ ልትለው የፈለገችው እዚያው አሸዋ ላይ ነውና። በስልክ ሲገናኙ መስመሩ ይቆራረጣል፤ ጭቅጭቃቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ይጠፋል።

ዓመት ዞሮ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰሃን ስታጥብ በሩ ተንኳኳ።

ጥሪ የለም። ጥሩምባ የለም። ሳል የለም። ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ በአክብሮት።

እጇ ውሃው ውስጥ ቀረ። በካልደር ይህን በር የሚያንኳኳ ሰው የለም፤ ስለዚህ ያንኳኳው የካልደር ሰው አይደለም። ደገመው። ደልፊን እጇን በፎጣ አደረቀች፤ ጣት በጣት፣ ለማዘግየት። በእኔ በር ይምጣ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ሂጂ፣ ክፈቺ ብላ ራሷን አዘዘች። መሸጎሪያውን ስባ በሩን ከፈተች።

ሪድ ነው። ሻንጣ ተሸክሞ፣ እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ ቆሟል። ከሌሎቹ ቀድሞ ተለቋል፤ ሊያስደንቃት ፈልጎ ለአባቱም አልደወለም።

ልታቅፈው የተዘረጋው እጇ ደረቱ ላይ በቡጢ አረፈ። ደገመችው። «ሰው መጀመሪያ ይጣራል! ከድልድዩ ነው የሚጣራው! ማን አንኳኳ አለህ? ማን?» ትላለች፣ ታለቅሳለች፣ ትመታዋለች። ሪድ ምን እንዳጠፋ አልገባውም። ያቺ ከተማ ዓመት ሙሉ የተማረችውን እሱ ብቻ አልተማረም።

በመጨረሻ ፊቷን አይቶ ገባው። ሻንጣውን አስቀምጦ ሁለቱን እጆቿን ያዘ።

«ተመለስ» አለችው። «ከድልድዩ ጀምረህ ጥራ።»

«ደልፊን፣ ጭቃ ነው እኮ…»

«ተመለስ አልኩህ!»

ሪድ በዚያ ጭቃ እየተንሸራተተ ወደ ድልድዩ ተመለሰ። ዞረና እጆቹን አፉ ላይ አድርጎ፣ ወንዙ እስኪያስተጋባ ጮኸ።

«ደልፊን! እኔ ነኝ! ሪድ ነኝ! መጥቻለሁ!»

ደልፊን ደፉ ላይ ቆማ ፎጣውን ፊቷ ላይ አድርጋለች።

«አልሰማሁም!» አለችው፤ እሱም ደገመላት።