የድንቹ ውሃ

«ውሃውን ምን አደረግሽው?»

ጥያቄው የመጣው ከውጭ፣ በተከፈተው የወጥ ቤት መስኮት በኩል ነው። ዴርቭላ አጥባ የጨረሰችውን ጎድጓዳ ሳህን በፎጣ እያደረቀች ባለችበት ቆመች። ምን ብላ ትመልስ? ውሃውን ምን እንዳደረገችው ታውቃለች። ያላወቀችው አያቷ ለምን እንደፈለጉት ነው።

«የቱን ውሃ፣ እማማ?»

«ከድንቹ የጨመቅሽውን ነዋ! ከሥሩ ነጩ ዝቃጭ ረግቷል ወይ? ቦክስቲውን አያይዞ የሚያቆመው እኮ እሱ ነው። ውሃውን ከላይ ቀስ ብለሽ ታንቆረቁሪና ዝቃጩን መልሰሽ ከድንቹ ጋር ታሽዋለሽ።»

ዴርቭላ የዕቃ ማጠቢያውን ቀዳዳ አየች። ዙሪያው ላይ ኖራ የመሰለ ቀጭን ነጭ መስመር ቀርቷል። እሱንም ቢሆን በስፖንጅ ልትጠርገው ነበር።

«ረግቷል!» አለች፤ ሳታስበው ከአፏ አመለጠ።

ከዘጠኝ ዓመት የአውስትራሊያ፣ የፐርዝ ኑሮ በኋላ ቤተሰቧ ወደ አየርላንድ፣ ወደ ሊትሪም የተመለሰው በገና ሰሞን ነው። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት «የፐርዟ» ይሏታል፤ በክፋት አይደለም፣ ግን ይሏታል። አያቷ ቤትም ሻይ ሲቀዳ የአበባ ሥዕል ያለበት ደህናው ኩባያ የሚደርሳት እሷን ነው። ለአክስቷ ልጅ ለፊያክራ ከንፈሩ የተሸረፈው ይሰጠዋል። ደህናው ኩባያ የእንግዳ እንደሆነ ለማወቅ የተለየ ብልህነት አይጠይቅም።

ስለዚህ ከሦስት ሳምንት በፊት አያቷን እማማ ኑዓላን ዶሮ ጠልፋቸው ወድቀው ቀኝ እጃቸው ጀሶ ውስጥ ሲገባ፣ «ለደቦው ቦክስቲውን እኔ እሠራለሁ» አለች። ይህን መጥበሻ ላይ የሚጋገር የድንች ቂጣ እናቷ ስትሠራ አንዴ አይታለች። እሱንም ግማሹን።

ዛሬ አባቷን ጨምሮ ዘጠኝ ሰው ረግረጉ ላይ ነው። ተቆርጦ የተዘረጋውን፣ እንደ እንጨት የሚነደውን የማገዶ አፈር እንዲደርቅ እያደጋገፉ ያቆሙታል፤ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ርቧቸው ይመጣሉ። ደቦ የጠራ ቤት ደግሞ ያበላል፤ ያውም የእጁን ሥራ። ከኮረብታው ማዶ ያለ አንድ ቤት ከአርባ ዓመት በፊት ደቦተኞቹን የሱቅ ዳቦ አብልቶ፣ የልጅ ልጆቹ ሳይቀሩ ዛሬም «የሱቅ ዳቦዎቹ» ይባላሉ። እማማ ኑዓላ ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቦክስቲ አብልተዋል።

ዴርቭላ ጠዋቱን ሙሉ ስትፈቀፍቅ ነው የዋለችው። መፈቅፈቂያው ወንድ አያቷ በሕይወት ሳሉ በሚስማር የበሳሱት የብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ነው። ድንች ይበላል፤ ጣትም ይበላል። ሁለት ጣቶቿ በፕላስተር ተጠቅልለዋል።

ምናልባት ያለ ዝቃጩም ይሆን ይሆናል ብላ መጥበሻውን ጣደች። የተፈቀፈቀውን ድንች ከተቀቀለው ጋር ደባልቃ፣ ትንሽ ዱቄትና አሬራ ጨምራ አፈሰሰች። ልትገለብጠው ስትሞክር አምስት ቦታ ተበጣጠሰ። ሁለተኛው ላይ ዱቄት አበዛችበት፤ የጫማ ሶል ሆነ። ለውሻው ወረወረችለት። ውሻው አሸተተው፣ አነሣው፣ ጓሮ ወስዶ ቀበረው።

ለሠራተኞቹ ውሃ ሊቀዳ የመጣው ፊያክራ ያገኛት ሦስተኛውን በማንኪያ ከመጥበሻው ላይ ስትፍቅ ነው።

«ምንድን ነው እሱ? አደጋ ደርሶበት ነው?»

«ዝም በል። ውሃውን ደፍቼዋለሁ።»

«ደፋሽው?!» ሳቁን በእጁ አፈነ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የማይስቅበት ነገር የለም። «ኧረ ባክሽ! እማማ ያውቃሉ?»

«ረግቷል ብያቸዋለሁ።»

ፊያክራ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፣ ሱቅ እኮ የታሸገ ቦክስቲ አለ። እናቴ ራሷ እሱን ነው የምታበላን፤ ከተናገርሽ ግን ሞቻለሁ። ውሃውን አድርሼ በሳይክል እበራለሁ። አንቺ ቅቤ አቅልጠሽ ጠብቂኝ። ትጠብሺዋለሽ፣ ይበሉታል፣ በቃ።»

«አይታወቅም?»

«ለራበው ሰው? የጫማሽን ሶልም ይበሉት ነበር።»

እሱ ከሄደ በኋላ ዴርቭላ ደስ አላት። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ ማሰብ ጀመረች፤ ይህ ነው ክፉ አመሏ። ይበሉታል፣ ጥሩ ነው ይላሉ። በሚመጣው ዓመትስ? «የዴርቭላ እጅ ይሻላል» ብለው እንደገና ቢጠይቋትስ? በየዓመቱ ሰኔ በመጣ ቁጥር ፊያክራ ሳይክሉ ላይ ሊወጣ ነው? ደግሞ አንድ ሰው ቢያውቅ ስሙ የሚለጠፈው እሷ ላይ ሳይሆን እዚህ ቤት ላይ ነው።

ሻይ ቀድታ ወጣች። እማማ ኑዓላ ከግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ፣ ጀሶውን ትራስ ላይ አስደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«እማማ... ውሃውን ደፍቼዋለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት?»

አያቷ እግራቸውን አነሡ። የወጥ ቤቱ ፍሳሽ የሚወጣበት ቱቦ አጠገባቸው ነው። የግራ ነጠላ ጫማቸው እስከ ጣታቸው ድረስ ደርቆ ነጭ ሆኗል።

«ካወቁ ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?»

«እግሬ ራሰ እኮ! ማን ነው የደፋብኝ አልልም?»

ዴርቭላ ልትስቅ ፈልጋ አልደፈረችም። የፊያክራንና የታሸገውን ቦክስቲ ነገር ሁሉ ነገረቻቸው። አያቷ ሻዩን ይዘው ሩቅ አዩ። ከረግረጉ የሚወርደው መንገድ ላይ የትራክተሩ ድምፅ ተሰምቷል።

«ድንቹስ ሞልቷል» አሉ። «እጅ ነው የሌለን።»

«እጅማ እየመጣ ነው።»

«ደቦ ጠርቼ ደግሞ ድንች ላስፈቀፍቃቸው? ሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ከዚህ በር ሲገባ ሳህኑ ጠብቆታል!»

«እኔ እነግራቸዋለሁ። የደፋሁት እኔ ነኝ።»

እማማ ኑዓላ የሻዩን ኩባያ አግዳሚው ላይ አስቀመጡ። «የቤቱን ዳቦና ሻይ አስቀድሚ» አሉ በመጨረሻ። «የራበው ሰው ቀልድ አይገባውም።»

ዘጠኙም ጭቃቸውን እያራገፉ ገቡ። ዴርቭላ የቆርቆሮ ክዳኑን ደረቷ ላይ እንደ ጋሻ ይዛ ወጥ ቤቱ መሐል ቆማ ነበር። ሻዩ ተቀዳ፣ ዳቦው ተነሣ፤ እሷም ውሃውን እንደደፋች ተናገረች። 

 ጎረቤታቸው ጋሽ ጆንጆ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሰባ ዓመታቸው ነው፣ ሚስት አላገቡም፣ የማንንም ቦክስቲ አሞግሰው አያውቁም።

«ደፋሽው?»

«ደፋሁት፣ ጋሼ።»

«ሁሉንም?»

«ሳህኑንም አጠብኩት።»

«ሳህኑንም አጥባዋለች!» አሉ ጋሽ ጆንጆ ወደ ሌሎቹ ዞረው፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባቷን ሻዩ ትን አለው። ጋሽ ጆንጆ ቀጠሉ፤ «እኔ እናቴን ብቻ ነበር የምፈራው፤ ይህንን ብትሰማ ከመቃብር ትነሣ ነበር። በይ ክዳኑን ወዲህ በዪ።»

እጅጌ ተሰበሰበ። አባቷ ላጠ፣ ጋሽ ጆንጆ ፈቀፈቁ፣ አንዱ በጨርቅ ጨመቀ። ከደቦተኞቹ ሁለት እህትማማቾች አሬራው ሲጨመር ነው ወይስ ሳይጨመር ነው ደህናው ብለው ተጣሉ፤ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ ግን አልተስማሙም። እማማ ኑዓላ ወንበራቸው ላይ ሆነው በጀሶው እጃቸው እንደ ትራፊክ ፖሊስ ያዝዛሉ። ውሃው እስኪረጋ ሁሉም ሳህኑን ከበው ጠበቁ። ውሃው ሲንቆረቆር ከሥሩ ወፍራም፣ ነጭ፣ ጣት ሲነካው ሲጢጥ የሚል ዝቃጭ ወጣ። ዴርቭላ ሁለት እጇን ከተተችበት።

የመጀመሪያው ቦክስቲ ሳይበጣጠስ ተገለበጠ። ጠርዙ ቡናማ ዳንቴል ሆኗል። ቅቤ ጣል አደረገችበትና ለጋሽ ጆንጆ ሰጠቻቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡ፤ ሁሉም አፋቸውን ጠበቀ።

«የእናቴን አያህልም» አሉ።

ቤቱ አጨበጨበ። ጋሽ ጆንጆ ከእናታቸው ጋር ሊያነጻጽሩት የበቃ ቦክስቲ እስከ ዛሬ አልነበረም።

«ለዛሬ ይበቃሻል፣ አንቺ ደፊዋ! ሁለተኛውን አምጪ።»

ሌሎቹም ተቀበሏቸው። ደፊዋ፣ እዚህ ቅቤ! ደፊዋ፣ ሳህኑን እንዳታጥቢው! ዴርቭላ እየሳቀች ትገለብጣለች። መሐል ላይ እማማ ኑዓላ በግራ እጃቸው ሻይ አቀበሏት። ጠጣች፣ ከንፈሯን አንድ ነገር ቧጠጣት፤ ዝቅ ብላ አየች። ኩባያው የተሸረፈው ነው። አያቷ ወደ ሌላ ቦታ እያዩ ነበር።

ያኔ ኪሷ ውስጥ ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ፊያክራ ነው። «ስምንት እሽግ አገኘሁ። ግቢው ደርሻለሁ። በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት አቀብልሻለሁ፣ ማንም አያይም።»

ዴርቭላ ወጥ ቤቱን አየች። ባልዲው ውስጥ ገና ያልተላጠ ድንች አለ። ነጩ ዝቃጭ ጣቶቿ ላይ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ፣ የስልኩን መስታወት እያጨማለቀች ጻፈች።

«በበሩ ግባ። እጅጌህን ሰብስበህ።»

ላከችው። ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ክዳኑን አነሣች።