አብረን አንሳን

መጀመሪያ እንግባባ፣ እኔ ቡዳ በላው፣ ጥላ ወጋው ሲባል ከት ብዬ የምስቅ ሰው ነኝ። መሐል ሜዳ ከተማ ፎቶ ቤት ከፍቼ ስኖር ስንቱን መንፈስ አየሁ ባይ አንስቻለሁ፣ ከፈራ ፊት በቀር ያገኘሁት ነገር የለም። የማምነው ዓይኔን ነው፣ ዓይኔ ደግሞ፣ ራሴን ማሞገስ አይሁንብኝና፣ በመንዝ ምድር ተወዳዳሪ አልነበረውም።

ጊዜው ሚሌኒየሙ ካለፈ በኋላ ነው፣ ዲጂታል ካሜራ ወደ እኛም ደጋ መውጣት የጀመረ ሰሞን። እኔም ያገለገለ አንድ ዲጂታል ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፣ ሌንስ ግን አልገዛሁም፣ የድሮ የፊልም ካሜራዬ ሌንስ፣ ያቺ ከባዷ ብረት እያለችልኝ ምን በወጣኝ ብዬ፣ በመሃል የሚገባ ቀለበት ፈልጌ ገጠምኳቸው። እንዲህ ሲሆን ካሜራው ፎከሱን ራሱ አያስተካክልልህም፣ አንተ ነህ የሌንሱን አንገት በእጅህ እያዞርክ የምታጠራው። አንዲት ነገር ብቻ ታግዝሃለች፣ ያነጣጠርክበት ነገር ጥርት ሲል መመልከቻው ውስጥ አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች፣ ካሜራውም ጢጥ ይላል። ይህቺን ያዝልኝ እንጂ ሌላ የሚከብድ ነገር የለውም። ወጣቶቹ ፎቶ አንሺዎች «ጋሼ፣ አሁንም በእጅ ትፈጫለህ?» እያሉ ሲቀልዱብኝ፣ «የወፍጮ ቤት ዱቄት መች ይጥማል» እላቸው ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ከሞላሌ ወጣ ብለው የሚኖሩ እትዬ ስንዱ የሚባሉ ባልቴት፣ እግሬ አላራምድ ብሎኛልና ቤት ድረስ መጥተህ አንሳኝ ብለው ላኩብኝ። አንዲት ልጃቸው ብርቄ አረብ አገር ሰው ቤት ከገባች ቆይታለች፣ ሳምንት ሳታሳልፍ ትደውል የነበረች ልጅ ከፋሲካ ወዲህ ድምጿ ጠፍቷል፣ ከዚያ የተመለሰ ሁሉ አላየኋትም ይላል። እናት እህል አልወርድ ብሏቸዋል። ወደዚያው የምትሄድ የሰፈር ልጅ ስለተገኘች ፎቷቸውን ሊልኩላት ነው ያሰቡት፣ በሕይወት ካለች የእናቷን ፊት አይታ እንድትደውል።

ስደርስ ከቀትር በኋላ ነበር፣ ጉሙ ግቢውን ሞልቶታል፣ የጎረቤት በግ ሲያስል ይሰማል፣ በጉን ግን አታየውም። እትዬ ስንዱ በድንጋዩ ካብ ላይ የበግ ፀጉር ባና ሰቅለው፣ ከፊቱ ሁለት በርጩማ አስቀምጠው ጠበቁኝ። አንዱ ላይ ራሳቸው ተቀምጠዋል፣ ሁለተኛው ትንሽ ወደ እኔ ቀደም ብሎ ነጭ አጎዛ ተነጥፎበት ባዶውን ቆሟል።

«እንግዳ ይመጣል እንዴ እትዬ?» አልኳቸው።

«የብርቄ ነው» አሉኝ ረጋ ብለው፣ «አብረን አንሳን።»

አንጀቴን በሉት፣ እውነቴን ነው፣ ካሜራውን አነሳሁ። ፊታቸው ላይ አነጣጥሬ የሌንሱን አንገት አዞርኩ፣ ጢጥ፣ ነጥቧ በራች፣ ደህና። ከዚያ የጉሙ ብርሃን እንዴት እንደሆነ ልይ ብዬ ካሜራውን ወደ ባዶው በርጩማ መለስ ሳደርግና የሌንሱን አንገት ትንሽ ሳዞር፣ ጢጥ። አጎዛው ላይ ቢሆን ባልገረመኝ፣ ከአጎዛው በላይ፣ ሰው ቢቀመጥ ፊቱ በሚሆንበት ቦታ ላይ ነው። ባናውን ይዞ ይሆናል አልኩ፣ ግን የባናው ጥለት በመመልከቻው ውስጥ ድፍርስ ብሏል፣ የሌንሱ ቁጥርም የሚያሳየው የበርጩማውን ርቀት ነው። ብሞት አልዋሽህም፣ ሄጄ በእጄ ዳሰስኩት፣ አየር ነው። ተመልሼ ሳነጣጥር ነጥቧ በራች፣ ጠፋች፣ ደግሞ በራች። ይህን ደግሞ አሳምሬ አውቀዋለሁ፣ ሰው ፎቶ ልነሳ ሲል ሳይታወቀው ወደፊት ወደኋላ ሲል ነጥቧ እንዲህ ነው የምትሆነው። በርጩማው ሲጥ አለ።

«እንዳትቆርጣት ልጄ፣ ቁመቷ ረዘም ይላል» አሉኝ እትዬ ስንዱ።

ከፍ አድርጌ ያዝኩና ተጫንኩት።

በካሜራው ጀርባ አሳየኋቸው። እሳቸው ደብዘዝ ብለዋል፣ የበርጩማው አጎዛ ግን ፀጉሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ መሃሉ ተኝቷል፣ ቀና ብዬ በዓይኔ ሳየው ደግሞ እንደተነፋ ነው። እትዬ ስንዱ አልደነገጡም፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ተነስታለች» አሉ። አማርኛችን መቼም ጉደኛ ነው፣ ፎቶ የተነሳም ተነሳ ነው፣ ለመንገድ የወጣም ተነሳ ነው፣ በትንሣኤ ቀን ከመቃብር የሚነሳውም ያው ተነሳ ነው። የቱን ማለታቸው እንደሆነ ሳልጠይቅ ካሜራዬን ቦርሳው ውስጥ ከተትኩ።

ብርቄ ወሩ ሳያልቅ መጣች። አዎ፣ በእግሯ፣ ከአውቶቡስ ወርዳ። አሠሪዎቼ ስልኬን ቀምተውኝ ነበር አለች፣ ሰፈሩ እልል አለ፣ በግ ታረደ፣ እኔም በራሴ ፍርሃት ስቄ፣ ጉም ያሳሳተው ካሜራ ነው ብዬ ተውኩት። ደስታዬ ከልቤ ነበር።

ቆየት ብለው እናትና ልጅ በሚኒባስ መሐል ሜዳ ድረስ መጡ፣ አሁንስ በወጉ አብረን እንነሳ ብለው። ብርቄ እውነትም ረዘም ያለች ናት፣ ሳቂታ፣ ቁጥብ። ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፣ መብራቴን አበራሁ፣ እጃቸውን ተያያዙ። ወደ እናትየው አነጣጠርኩ፣ ጢጥ። ወደ ልጅቷ አዞርኩ፣ ዝም። የሌንሱን አንገት እስከ መጨረሻው ወስጄ መለስኩት፣ ሽፋሽፍቷ ለዓይኔ ጥርት ብሏል፣ ነጥቧ ግን ጨልማለች። ተበላሽታለች ብዬ ወደ እናትየው መለስኩ፣ ጢጥ። ወደ ልጅቷ፣ ዝም። ባዶ በርጩማ ላይ የበራች ነጥብ፣ ልጅቷ ተቀምጣ አልበራ አለች።

«ምነው ጋሼ፣ አልገባሁም?» አለችኝ ብርቄ ፈገግ ብላ።

ካሜራውን ከዓይኔ ላይ አወረድኩ፣ እትዬ ስንዱም ትክ ብለው አዩኝ። የልጃቸውን እጅ ጥብቅ አድርገው ይዘው፣ ለእኔ ብቻ በሚታይ ሁኔታ ራሳቸውን በቀስታ ወዘወዙ፣ እባክህ አትናገር እንደማለት።

በዓይኔ ለክቼ አነሳኋቸው፣ ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ። ዛሬም ሞላሌ ገበያ ስንገናኝ ብርቄ እጇን ዘርግታ ትጨብጠኛለች፣ እጇ እንደማንኛችንም ሞቃት ነው፣ «ጋሼ፣ ብቻዬን መቼ ታነሳኛለህ?» ትለኛለች። ካሜራዬን እቤት ጥዬው መጣሁ እላታለሁ።