የእንግዴ ልጅ በባልዲ

ለሌሎች ሴቶች አበባ ይመጣላቸዋል። ለእኔ የመጣልኝ የእንግዴ ልጅ ነው፤ ያውም የላም፣ ያውም በባልዲ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ እንዲያውም ደረቴን ነፍቼ ነው የምናገረው።

በግዛታችን ዋና ከተማ በሊንከን ባለው ዩኒቨርሲቲ እናትና ጽንስ እንዴት እንደሚያያዙ አጠናለሁ። የሰውን ከላም ጋር ላስተያይ ብዬ በየካቲት ብርድ፣ ላሞች በሚወልዱበት ሰሞን፣ ወደ አንድ የከብት እርባታ ወጣሁ። የከብት ሐኪሙን ዌንድል ሆራቼክን ያገኘሁት ክንዱን እስከ ትከሻው አንዲት ምጥ ላይ ያለች ላም ውስጥ ከትቶ ነው።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አለኝ ዞር እንኳ ሳይል።

«ስትጨርስ የእንግዴ ልጁን እንድትሰጠኝ።»

ያን ጊዜ ዞረ። «አስር ዓመት ሙሉ የቀበርኩትን የሚለምን ሰው መጣ! ስምሽ ማነው?»

«ኔቫ።»

«ኔቫ፣ መጀመሪያ ይቺን እግር ሳቢልኝ።»

ሳብኩ። ጥጃው ሲወጣ ሁለታችንም ጭቃው ላይ ዘፍ አልን። ተያየንና ሳቅን፤ ሳቃችን ካለቀ በኋላም መተያየቱን አልተውንም። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ባልዲውን ይዞ በቤተ ሙከራው የኋላ በር ይመጣ ጀመር። የመውለጃው ወራት አለፈ፤ እሱ ግን ባዶ እጁንም መምጣቱን አላቆመም።

በዓመቱ ጽንስ ማቋረጥን የሚገድብ ረቂቅ ሕግ ለግዛቲቱ ምክር ቤት ቀረበ። የዌንድል እናት ወይዘሮ ሎሪን በቤተ ክርስቲያናቸው የሕጉ ደጋፊዎች መሪ ናቸው። እናቴ ጆሴት ደግሞ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ውሳኔው የሴቲቱ ብቻ ነው ባይ።

እሑድ ምሳ ላይ ሎሪን የአሳማ ጥብሱን እየቆረጡ፣ «ልጄ» አሉኝ፣ «ጽንሱ የራሱ አካል እንዳለው፣ ደሙም ከእናቱ ደም እንደማይቀላቀል ምክር ቤቱ ፊት ቀርበሽ መስክሪልኝ። ዋሺልኝ አላልኩም።»

ማታውን እናቴ ደወለች። «ጽንሱ ያለ እናቱ ደም አንዲት ሰዓት እንደማይቆይ ንገሪያቸው። የምትሸከመው እሷ ናት! ዋሺልኝ አላልኩሽም እኮ።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ችግሩ እያንዳንዳቸው የእውነቱን ግማሽ ብቻ መፈለጋቸው ነው።

«ሙሉውን እናገራለሁ» አልኩት ለዌንድል።

«ሁለቱም ይጠሉሻል። ቢቀርብሽ አይሻልም?»

«አንተስ ያን ቀን የት ትቀመጣለህ?»

ዝም አለ። ያ ዝምታ ከስድብ ባሰብኝ።

«እንግዲያው ባልዲህን ይዘህ ሂድልኝ» አልኩት።

ሄደ። ሁለት ሐሙስ አለፈ። ኩራቴ ስልክ አላስነሳኝም፤ የኋላውን በር ሳላይ ግን አልዋልኩም።

በምክር ቤቱ አዳራሽ መናገር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ቅጽ ይሞላል፤ ደጋፊ፣ ተቃዋሚ ወይም ገለልተኛ ብሎ። የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው፤ መብራቱ አረንጓዴ ይበራል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ቀይ። ገለልተኛ የሚጠራው መጨረሻ ላይ፣ ሰው ሁሉ ለመሄድ ካፖርቱን መፈለግ ሲጀምር ነው። ሎሪን ቅጼን አዩና «መሀል ሰፋሪ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እናቴም አላናገረችኝም። አምስት ሰዓት ሙሉ ብቻዬን ጠበቅሁ።

«ኔቫ ስትሮድ እባላለሁ» ብዬ ጀመርኩ። «የእናትና የጽንስ ደም እንዲሁ አይቀላቀልም፤ ጽንሱም ከእሷ የተለየ የራሱ የዘር ውርስ አለው።»

ከደጋፊዎቹ በኩል ተጨበጨበ።

«የሚኖረው ግን በእሷ ትንፋሽ፣ በእሷ ደም፣ ከእሷ አጥንት እየወሰደ ነው። ይህን ሸክም የሚያግዛት የለም።»

ጭብጨባው ወደ ተቃዋሚዎቹ ዞረ።

«አልጨረስኩም። የእንግዴ ልጁን አብዛኛውን ክፍል የሚሠራው ጽንሱ ነው፤ ሥሩን የሚሰደው ግን እሷ ውስጥ ነው። ጥቂት የጽንሱ ሴሎች ወደ እሷ ይሻገራሉ፤ ልጁ ባይወለድ እንኳ ለብዙ ዓመት አብረዋት ሊኖሩ ይችላሉ። የእሷም ወደ እሱ ይሻገራሉ። ፈጽሞ አንድ ናቸው ብትሉኝ አይደሉም። ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው ብትሉኝም አይደሉም።»

ማንም አላጨበጨበም። ሰብሳቢው፣ «ታዲያ ሳይንሱ የሚደግፈው የትኛውን ወገን ነው?» አሉኝ።

«ሳይንሱ ያለውን ይነግረናል፤ ምን ሕግ ይውጣ የሚለውን አይነግረንም። እሱን በማይክሮስኮፕ ፈልጌ አላገኘሁትም። አገኘሁ ብዬ ለእናንተም ለእናቴም አልዋሽም።»

ቀዩ በራ። አንዱ «ፈሪ!» አለ፤ ከወዲያ በኩል ደግሞ ሌላው «ከሃዲ!» አለኝ። አንገቴን ግን አልደፋሁም።

«ሌላ ገለልተኛ አለ?» አሉ ሰብሳቢው፣ የለም መባልን እየተመኙ።

«አለ።»

ዌንድል ነው! ጭቃ በበላው ቦት ጫማው በእናቱ ፊት አለፈና እኔ የተነሳሁበት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ዌንድል ሆራቼክ፣ የከብት ሐኪም ነኝ። እሷ ያለችው ልክ ነው።»

«ሌላስ?»

«የት ትቀመጣለህ ብላ ጠይቃኝ ዝም ብዬ ነበር። እዚህ ነው የምቀመጠው። እናቴ ባለችበት በመዝገብ እንዲያዝልኝ ነው የመጣሁት።»

ሲነሳ መብራቱ ገና አረንጓዴ ነበር።

ውጭ ደረጃው ላይ ሁለቱ እናቶች ጠበቁኝ። «አልተስማማሁም» አሉ ሎሪን። «እኔም» አለች እናቴ። በአንድ ነገር ሲስማሙ ያን ቀን ገና ማየቴ ነው።

ከዚያ ሎሪን እጅጌዬን ጎተት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባይወለድ እንኳ ያልሽው… ከዌንድል በፊት አንዲት ነበረችኝ። ገና ሆዴ ውስጥ ሳለች፣ በአምስት ወሯ ነው የሄደችብኝ። አሁንም አብራኝ አለች?»

አዎ ማለት እንዴት አማረኝ! «ሊሆን ይችላል» አልኳቸው። «በእርግጠኝነት ግን አላውቅም።»

«ለእኔ ሲባል እንኳ የማትዋሽ» አሉና እጄን ጨበጡት። «ምራቴ እንዲህ ያለች ትሁንልኝ።»

ዌንድል ጠባቂው በር ላይ ያስቀረበትን ባልዲ ይዞ ከኋላችን ደረሰ። «የማን ነው ቢለኝ የእጮኛዬ አልኩት።»

«መቼ ነው የታጨሁት?»

«መብራቱ አረንጓዴ ነው። ሦስት ደቂቃ አለሽ።»

ሦስት ሰከንድም አልፈጀብኝ። ባልዲውን ከእጁ ተቀበልኩ፤ በግራና በቀኝ በቆሙት የሁለቱ ወገን ሰልፈኞች መሀል፣ ቀና ብዬ፣ ከእሱ ጋር ደረጃውን ወረድኩ።