«ወጥቻለሁ» ያለው ማን ነው?

ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። ሚስቴም ገና በቅጡ አላመነችኝም። ግን ሆኗል። በገዛ ደረቴ ላይ ሆኗል።

ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። «ጨለማ አሳስቶህ ነው» የሚል ካለ ከወዲሁ ይተወው።

መካኒክ ነኝ። የምሠራው ከሚስቴ ታላቅ ወንድም ጋር ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ጋራዣችን ጠባብ ናት። አንድ መኪና ከገባች እኛ በጎን እየተንሸራተትን ነው የምናልፈው።

የዚያን ቀን የገባችው የኤሌክትሪክ መኪና ነበረች። ባለቤቷ አስተማሪ ናት። «የኋላ ሞተሩ ድምፅ ያሰማል» አለችን።

«ምን ዓይነት ድምፅ? ያፏጫል? ይጮሃል?» አላት ጋሼ።

ትንሽ አመነታች።

«ይመልሳል» አለች። «ስናገር... ይመልሳል።»

ከሄደች በኋላ ጋሼ በሳቅ ፈረሰ። «እኔ ቤቴ ውስጥ ስጣራ የሚመልስልኝ የለም፣ ለሷ ሞተር ይመልስላታል!»

እኔም ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ያናድደኛል።

የኋላ ሞተር የሚወርደው መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ ሲቆረጥ ነው። ዋናውን ማቋረጫ ነቅለን ጋሼ ኪሱ ከተተው። ብርቱካናማዎቹን ወፋፍራም ገመዶች ፈታን። የማቀዝቀዣውን ውሃ አፈሰስን። ጎማዎቹን የሚያዞሩትን ሁለት ዘንጎች አወጣን።

ከዚያ እኔ ከስር ገባሁ። መኪናዋ በአራት የብረት ማቆሚያ ላይ ናት። ሞተሩ ከነተሸካሚ ብረቱ በክሪክ ተደግፏል፤ የክሪኩን እጀታ ከኋላ የያዘው ጋሼ ነው። እኔ የመጨረሻዎቹን ብሎኖች ፈትቼ እወጣለሁ፣ እሱ ቀስ እያለ ያወርዳል።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለን።

ጋሼ «ወጣህ?» ሲለኝ «ወጣሁ» ማለት ክልክል ነው። እኛ ሰዎች አልጋችን ላይ ተጋድመን «መጣሁ፣ መጣሁ!» የምንል ነን። ባለፈው ዓመት «ወጣሁ» ስለው አንድ እግሬ ገና ከስር ነበር፤ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ «ወጥቻለሁ» ካላልኩ ጋሼ ክሪኩን አይነካውም።

የመጨረሻውን ብሎን ፈትቼ የሞተሩን ገላ ነካሁት።

ይሞቃል።

ኤሌክትሪኩን ካቋረጥን እኮ ሁለት ሰዓት አልፏል...

እጄን ሰበሰብኩ። ልወጣ ስንሸራተት የቱታዬን ጀርባ አንድ ነገር ያዘው። ብረት ነው አልኩ። ብረት ነው።

«ወጣህ?» አለ ጋሼ።

«ወጣሁ፣ ወጣሁ...» አልኩ። አፌ ልማዱን አይተውም።

«ወጣሁ አይሠራም!» አለ እየሳቀ። «ጨርሰህ ንገረኝ።»

«ቆይ ጋሼ፣ ቱታዬ...» ልል አፌን ስከፍት፣ ከመኪናዋ ሌላኛው ጎን አንድ ድምፅ ቀደመኝ።

«ወጥቻለሁ።»

የኔ ድምፅ ነው። ከሰኞ ጀምሮ የያዘኝ ጉንፋን ሳይቀር።

ክሪኩ ተነፈሰ። ሞተሩ ወረደ። ልጮህ ስል ተሸካሚው ብረት ደረቴ ላይ ደርሶ አየሬን ጨምቆ አወጣው። ከዚያ ክሪኩ እስከ መጨረሻው ወርዶ ቆመ። አንድ ጣት ያህል ቢጨምር ኖሮ ይህን የሚጽፍላችሁ ሰው አይኖርም ነበር።

«ና እንሂድ፣ ኩሽኔታ ሻጩ ሳይዘጋ» አለ ጋሼ።

በጎኔ እግሮች አለፉ። የጋሼ ጫማ። ከኋላው ደግሞ... የኔ ጫማ። ማሰሪያው ተበጥሶብኝ በቀይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያሰርኩት።

እኔ ያሰርኩት የግራውን ነው። የሱ በቀኙ ነበር።

የቆርቆሮ በሩ ተንጓጓ። ቁልፉ ጠቅ አለ።

«ምነው ዛሬ ዝም አልክ?» ሲል ሰማሁት ጋሼን ከውጭ።

ከዚያ የጋሼ መኪና ተነሳ።

እዚያ ስር ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። የሚገባልኝ አየር እንደ ሻይ ማንኪያ ነው፤ ትንሽ፣ ትንሽ። በደንብ ልተነፍስ ስል ብረቱ አይፈቅድም። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ልጄ «አባ» ማለት ከጀመረች ገና ሳምንቷ ነበር። ያን ቀን ያ ነገር ቤቴ ቢገባ ማንን «አባ» እንደምትል ሳስብ ከብረቱ የበለጠ ሐሳቡ ከበደኝ።

ስልኬ ቱታዬ ኪስ ውስጥ ነበር። በሁለት ጣት ጎትቼ አወጣሁት። ደወልኩ።

«እንዴ!» አለ ጋሼ። «አጠገቤ ተቀምጠህ ትደውልልኛለህ?»

«ጋሼ...» አልኩ በሹክሹክታ። ከዚያ በላይ አየር የለኝም። «አልወጣሁም።»

መኪናውን ሲያቀዘቅዝ ሰማሁ።

«ከስር ነኝ... ደረቴ ላይ ነው... አልወጣሁም።»

የመኪናው ፍሬቻ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል።

«እሺ እማዬ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ተለውጧል። «አሁን እመለሳለሁ፣ እማዬ።»

እናቱ ካረፉ ስድስት ዓመታቸው ነው። እንደገባው ገባኝ።

ስልኩ ሳይዘጋ፣ ከጋሼ ጎን፣ በጣም ከቅርብ...

«እማዬን ሰላም በልልኝ» አለ። በኔ ድምፅ።

ጋሼ በሩን ከፍቶ ገባ። የክሪኩን እጀታ ይዞ እንደ እብድ ይገፋው ጀመር። ብረቱ ተነሳ። ብብቴን ይዞ ሲጎትተኝ ቱታዬ ተተረተረ። ግራሶ በነካው እጁ ፊቴን ያዘና ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ማል።»

«በልጄ።»

ያን ጊዜ እሱም አለቀሰ።

«የት አለ?» አልኩት።

«አልወረደም።» ወደ ደጅ ጠቆመኝ። «መንገድ ቀይሬ ስመለስ ለምን አላለኝም። ፊት ለፊት ብቻ ነው የሚያየው።»

ተያይዘን በበሩ ክፍተት አየን። የጋሼ መኪና ደጅ ላይ ቆሟል። የሾፌሩ በር እንደተከፈተ ነው። ውስጡ ፀሐይ ሞልቶበታል። የጎን ወንበሩ ባዶ ነው።

ቀበቶው ግን ታስሯል።

ወንበሩ ላይ አልተኛም። ደረት ላይ እንዳረፈ ተለጥጦ ቆሟል። ቀስ ብሎ ከፍ ይላል... ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል...

ጋሼ ክንዴን ጨበጠው።

ትንፋሼን ያዝኩ።

ቀበቶውም ቆመ።